የጁምዓ ማስታወሻ፦ ገመዱን ፍቱት

ለዚህ የተባረከ ቀን ያደረሰን አላህ ምስጋና ይገባው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ባለፈው ሳምንት አንዲት እህት በውስጥ መስመር መልእክት ላከችልኝ። ማንነቷ እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ትቼ፣ በፈቃዷ ፍሬ ነገሩን ላካፍላችሁ። ቀን ሱቅ ውስጥ ቆማ ትሠራለች፣ ማታ ትማራለች። ቤቷ የምትደርሰው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ነው። ከረመዷን ወዲህ በየሌሊቱ ተነስታ ልትሰግድ፣ በየቀኑ አንድ ጁዝ ልትቀራ ለራሷ ቃል ገብታ ነበር። ለተወሰኑ ወራትም ቻለችው። ከዚያ አንድ ሌሊት ሱጁድ ላይ እንዳለች እንቅልፍ ጣላት። ስትነቃ ግንባሯ ሰጋጃው ላይ ነው፣ አንገቷ ደርቋል፣ የሱብሒ አዛን እየተሰማ ነው።

"ሙናፊቅ የሆንኩ መሰለኝ" ብላ ጻፈችልኝ። "አላህ ፊት ቆሞ የሚተኛ ሰው ምን ይባላል? ከዚያ ቀን ወዲህ ሌሊት አልተነሳሁም። ቁርአንም አልከፈትኩም። ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ልከፍተው እልና አፍራለሁ።"

መልእክቱን ደጋግሜ አነበብኩት። ስለ መተኛቷ ብዙም አላሰብኩም፤ ያሳሰበኝ ከዚያ በኋላ ያለው ሦስት ሳምንት ነው። ድካም የወሰደባት አንድ ሌሊት ነበር። ሦስቱን ሳምንት የወሰደባት ራሷን የወቀሰችበት መንገድ ነው። ብዙዎቻችን የምንሰናከለው እዚሁ ላይ ስለሆነ የዛሬውን ማስታወሻ ለእሷም ለእኛም እንዲሆን አስቤ ጻፍኩት።

1. በሁለት ምሰሶ መካከል የታሰረው ገመድ

አነስ (ረ.ዐ) ያስተላለፈው፣ ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት አንድ ታሪክ አለ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወደ መስጂድ ሲገቡ በሁለት ምሰሶዎች መካከል ገመድ ተዘርግቶ አዩ። ምን እንደሆነ ጠየቁ። የዘይነብ ገመድ እንደሆነ፣ ቆማ ስትሰግድ ሲደክማት እሱን ይዛ እንደምትደገፍ ተነገራቸው።

እስቲ ራሳችንን እዚያ እናስቀምጥ። እኛ ብንሆን ምን እንላለን? ማሻአላህ ምን ዓይነት ኢማን ነው ብለን ፎቶ አንስተን እንለጥፈው ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግን ገመዱ እንዲፈታ አዘዙ። ከዚያም ሰው ንቁ ሆኖ ሳለ እንዲሰግድ፣ ሲደክመው ደግሞ እንዲቀመጥ አስተማሩ።

ልብ በሉ፤ ዘይነብን አልወቀሱም። ኢማኗን አልተጠራጠሩም። የተወገደው ገመዱ ብቻ ነው።

እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ባስተላለፈችው ሌላ ሐዲስ ደግሞ ሶላት ላይ እያለ የሚያንቀላፋ ሰው እንቅልፉ እስኪወጣለት እንዲተኛ ታዟል። ምክንያቱም አብሮ ተነግሯል፦ እያንቀላፋ የሚሰግድ ሰው ኢስቲግፋር አደርጋለሁ ብሎ ሳያውቀው ራሱን ሊረግም ይችላል። ሊቃውንት እንዳብራሩት ይህ በተለይ ለሌሊት ሶላት ነው፤ ፈርድ ሶላት ከሆነ ደግሞ ወቅቱ እንዳይወጣ መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

እህቴ፣ ጥያቄሽ ሱጁድ ላይ የሚተኛ ሰው ምን ይባላል የሚል ነበር። መልሱ ከ1400 ዓመት በፊት ተሰጥቷል። የደከመው ሰው ይባላል፤ የሚታዘዘውም ሄዶ እንዲተኛ ነው።

2. ሐንዘላ "ሙናፊቅ ሆኛለሁ" ባለ ጊዜ

"ሙናፊቅ የሆንኩ መሰለኝ" ያለችው ይህች እህት የመጀመሪያዋ አይደለችም። ሐንዘላ (ረ.ዐ) ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጸሐፊዎች አንዱ ነበር። አንድ ቀን አቡበክርን (ረ.ዐ) መንገድ ላይ አገኘውና ሙናፊቅ መሆኑን ነገረው። አቡበክር ደንግጦ ምን ማለቱ እንደሆነ ጠየቀው። ሐንዘላም ረሱል ዘንድ ሆነው ስለ ጀነትና ጀሀነም ሲሰሙ በዓይናቸው የሚያዩት ያህል እንደሚሰማቸው፣ ወደ ሚስት፣ ወደ ልጅና ወደ ሥራ ሲመለሱ ግን ብዙውን እንደሚረሱት አስረዳ።

የአቡበክር መልስ ነው የሚገርመው። እኛም እንዲሁ ይሰማናል አለው። ከነቢያት በኋላ ከሰው ሁሉ በላጭ የሆነው ሰው፣ እኔም አንዳንዴ ልቤ ይቀዘቅዛል ማለቱ ነው። ተያይዘው ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሄዱ። እሳቸውም፣ እኔ ዘንድ ባላችሁበት ሁኔታ ሁልጊዜ ብትዘልቁ ኖሮ መላእክት በየመኝታችሁና በየመንገዳችሁ እጃችሁን ይዘው ሰላም ይሏችሁ ነበር የሚል መልእክት ያለው መልስ ሰጧቸው። ሰው ግን እንደዚያ ሆኖ አልተፈጠረም፤ ለዚህም ጊዜ አለው፣ ለዚያም ጊዜ አለው። ይህንን ሦስት ጊዜ ደገሙለት።

በሌላ ሐዲስ ደግሞ ማንኛውም ሥራ የሚግልበት ወቅት እንዳለው፣ ከጋለ በኋላም የሚበርድበት ወቅት እንደሚመጣ ተነግሮናል። ይህ መብረድ ፉቱር የምንለው ነው። መምጣቱ አይቀርም። ሐዲሱ ያስጠነቀቀን ሲበርደን ወዴት እንደምናዘነብል ነው። በርዶት ሱንና ላይ የቆየ ተመርቷል፤ በርዶት ወደ ሌላ የሄደ ግን ጠፍቷል። እንግዲህ የሚያስፈራው አቅም ማጣቱ ሳይሆን አቅም ባጣንበት ቀን በሩን ዘግተን መሄዳችን ነው።

3. በጉብዝና የተገባ ቃል፣ በእርጅና የመጣ ጸጸት

ዐብደላህ ኢብኑ ዐምር (ረ.ዐ) እንደ እናንተ ወጣት ነበር። ቀኑን በሙሉ ይጾማል፣ ሌሊቱን በሙሉ ይቆማል፣ ቁርአንን በየሌሊቱ ያኸትማል። አባቱ ሚስት ቢያጋባው እንኳ ወደ መኝታዋ አልቀረበም። ነገሩ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጋ ደረሰ። አስጠርተው ሰውነቱ በእሱ ላይ ሐቅ እንዳለው፣ ዓይኑ ሐቅ እንዳለው፣ ሚስቱም ሐቅ እንዳላት ነገሩት። ከወር ሦስት ቀን እንዲጾም መከሩት። እሱ ግን ከዚያ በላይ እችላለሁ አለ። ጨመሩለት። አሁንም እችላለሁ አለ። በመጨረሻ አንድ ቀን ጾሞ አንድ ቀን በሚያፈጥረው በዳውድ (ዐ.ሰ) ጾም ላይ ቆሙ። ቁርአኑንም በሰባት ቀን እንዲያኸትም ተነገረው።

ዓመታት አለፉ። ዐብደላህ ሸመገለ፣ ጉልበቱ ደከመ። ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጋር የተለያየበትን ሥራ መተው ስላልፈለገ ሌሊት የሚቀራውን እንዲቀልለው ቀን ላይ ለቤተሰቡ ያሰማ ነበር። ጾሙም ሲከብደው ቀናት ቆጥሮ ያፈጥርና በኋላ ያንኑ ያህል ይጾም ነበር። ያኔ ምነው የረሱልን ማቅለያ በተቀበልኩ ኖሮ ይል እንደነበር ቡኻሪ ዘግበዋል።

ይህን ታሪክ ለሁለት ነገር አነሳሁት። አንደኛ፣ አቅም ሞልቶ ባለበት ቀን የምንገባው ቃል አቅም ባነሰበት ቀን የምንሸከመው ዕዳ ይሆናል። ረመዷን ላይ፣ ሰው ሁሉ አብሮን ሲነሳ፣ በየቀኑ አንድ ጁዝ ቀላል ይመስላል። ፈተና ሲመጣ፣ ሥራ ሲበዛ፣ ሕመም ሲነካን ግን ያው ጁዝ ተራራ ይሆናል። ሁለተኛ፣ ዐብደላህ ሲከብደው ጨርሶ አልተወውም፤ አቀለለው፣ ወደ ቀን አዛወረው፣ አካክሶ ጨረሰው። ለራስ ማዘን እንዲህ ይደረጋል።

4. ቢላል የተኛበት ሌሊት

"እሺ፣ ሱንናው ይሁን። ሱብሒ ያለፈኝስ?" የሚል ይኖራል።

ከኸይበር ዘመቻ መልስ ነው፣ በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ። ሌሊቱን ሲጓዙ ቆይተው እንቅልፍ ሲያሸንፋቸው ለማረፍ ወረዱ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሱብሒን እንዲጠብቅላቸው ቢላልን (ረ.ዐ) አደራ አሉት። የሐበሻው ቢላል አላህ የፈቀደለትን ያህል ሰገደ። ንጋት ሲቃረብ ጎህ የሚቀድበትን አቅጣጫ እያየ ግመሉን ተደግፎ ተቀመጠ። ዓይኑም ከዳው። የነቁት የፀሐይ ሙቀት ሲነካቸው ነው፤ መጀመሪያ የነቁትም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ነበሩ። ቢላልን ሲጠሩት፣ የእርስዎን ነፍስ የያዘው የእኔንም ያዘ የሚል ትርጉም ያለው መልስ ሰጠ።

ከዚያ ምን ሆነ? ቢላልን አልሰደቡትም። ሙአዚንነቱን አልነጠቁትም። ጥቂት ራቅ ብለው ሄዱ፣ ውዱእ አደረጉ፣ ያው ቢላል ኢቃማ አደረገ፣ ሰገዱ። ሶላት የረሳ ሰው ሲያስታውስ እንዲሰግድም አስተማሩ። በሌላ ሐዲስ እንቅልፍ ውስጥ ቸልተኝነት እንደሌለ፣ ቸልተኝነት ያለው ነቅቶ ሳለ ሶላትን በሚያሳልፍ ሰው ላይ እንደሆነ ተገልጿል።

ግን ቢላል ለመንቃት ሰበቡን እንዳደረሰ አስተውሉ። ጋደም አላለም፤ ፊቱን ወደ ጎህ አዙሮ ተቀመጠ። እኛም ማንቂያውን ሞልተን፣ ሰው ቀስቅሰን ብለን አደራ ሰጥተን፣ በጊዜ ተኝተን ካመለጠን እንደነቃን ተነስተን እንሰግዳለን፤ ቀኑን ሙሉ ራሳችንን ስንረግም አንውልም። እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ቪዲዮ እያየን በየቀኑ ሱብሒ የሚያመልጠን ከሆነ ግን ይህ ሌላ ነገር ነው፤ እሱን ድካም ብለን መሸፈን የለብንም።

5. ድካምን ከስንፍና እንዴት እንለይ?

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከሚያዘወትሩት ዱዓ አንዱ ከጭንቀትና ከሐዘን፣ ከዐጅዝና ከከሰል በአላህ የሚጠበቁበት ነው። ዐጅዝ አለመቻል ነው፤ ከሰል እየቻሉ አለመፈለግ ነው። ሁለቱ ለየብቻ መጠራታቸው አንድ እንዳልሆኑ ያሳያል። ከሁለቱም የሚጠብቀው አላህ መሆኑን ደግሞ አብሮ ያስተምረናል።

ለራሴ የምጠይቀው ጥያቄ ይህ ነው፦ የደከመኝ ለሶላት ብቻ ነው ወይስ ለሁሉም ነገር? ለጨዋታና ለስልክ ብርቱ ሆኜ ለሁለት ረከዓ ብቻ ከደከመኝ ነፍሴን መገሠጽ አለብኝ። ምግብ መብላት፣ ሰው ማናገር፣ ልብስ መቀየር እንኳ ከከበደኝ ግን የደከመው ሰውነቴ ነው፤ እሱን መገሠጽ የደከመ አህያ መደብደብ ነው።

አንድ ነገር ግልጽ ይሁን፦ ለራስ ማዘን ማለት ፈርድን መተው ማለት አይደለም። ነገር ግን ፈርዱም ቢሆን ከአቅም ጋር የመጣ ነው። ዒምራን ኢብኑ ሑሰይን (ረ.ዐ) ታሞ ሲጠይቅ ቆሞ እንዲሰግድ፣ ካልቻለ ተቀምጦ፣ ያም ካልሆነ በጎኑ ተኝቶ እንዲሰግድ ተነግሮታል። ሶላቱ አልቀረም፤ አቋቋሙ ነው የተለወጠው። አላህ ነፍስን ከችሎታዋ በላይ እንደማያስገድድ በሱረቱል በቀራ መጨረሻ የነገረን በእንዲህ ዓይነት ቀን እንድንጽናናበት ጭምር ነው።

ሱረቱል ሙዘሚልንም ተመልከቱ። በመጀመሪያ የሌሊት ሶላት ግዴታ ነበር። ሰሓቦች አንድ ዓመት ያህል ከቆሙ በኋላ የሱራው መጨረሻ ወርዶ አቀለለላቸው። አላህ ለማቅለሉ የጠቀሳቸው እነማን ናቸው? ከእነሱ ውስጥ በሽተኞች እንደሚኖሩ፣ ችሮታውን ፈልገው በምድር ላይ የሚጓዙ እንደሚኖሩ፣ በመንገዱ የሚጋደሉም እንደሚኖሩ ማወቁን ነገረን። በሽተኛውና እንጀራ ፍለጋ የሚደክመው ከሙጃሂዱ ጋር አንድ ላይ ተጠቀሱ። ከዚያም ከቁርአን የገራላቸውን እንዲቀሩ ታዘዙ። ሱቅ ቆማ የምትውለዋ እህታችንን አላህ ያውቃታል።

6. አቅም ባነሰን ቀን ምን እናድርግ?

- አምስቱን ያዙ። ሌላው ሁሉ ቢቀር በዚያ ቀን አምስቱን በወቅታቸው የሰገደ ሰው ትልቁን አደራ ተወጥቷል።

- ሱንናውን አቅልሉት። ሱንና ሶላትን ተቀምጦ መስገድ ይቻላል፤ መቆም እየቻለ ለተቀመጠ ሰው የምንዳው ግማሽ አለው። ግማሽ ደግሞ ከባዶ ይበልጣል።

- ዊትርን ሳትተኙ ስገዱ። እንዳይተኛ የሚፈራ ሰው ከመተኛቱ በፊት ቢሰግድ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አቡ ሁረይራን (ረ.ዐ) የመከሩትን ያዘ።

- ያመለጣችሁን ወደ ቀን አዛውሩት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እንቅልፍ ወይም ሕመም የሌሊቱን ሶላት ሲያሳልፋቸው ቀን ላይ 12 ረከዓ ይሰግዱ እንደነበር ዓኢሻ (ረ.ዐ) ተናግራለች። የሌሊት ቂርኣቱ ያመለጠው ሰውም በሱብሒና በዙህር መካከል ቢቀራው ሌሊት እንደቀራው ይጻፍለታል።

- ተኝታችሁም ዚክር አድርጉ። አላህ በሱረቱ ኣሊ ዒምራን ካመሰገናቸው ባሮቹ መካከል ቆመው፣ ተቀምጠው፣ በጎናቸውም ተጋድመው የሚያወሱት አሉ።

- እንቅልፋችሁን ነይቱት። ሙዓዝ (ረ.ዐ) በቆመበት ሌሊት የሚያስበውን ምንዳ በተኛበትም ያስብ ነበር። ለሱብሒ ልበረታ ብሎ የተኛ ሰው እንቅልፉ ዒባዳ ይሆንለታል።

- በጤና ጊዜ ያዘወተራችሁትን አስታውሱ። ባሪያ ሲታመም ወይም ሲጓዝ፣ ጤነኛና ቤቱ ሳለ ይሠራው የነበረው እንደሚጻፍለት ቡኻሪ ዘግበዋል። መዝገባችሁ እናንተ እንደምታስቡት ባዶ አይደለም።

ድካሙ ለሳምንታት ከዘለቀ፣ እንቅልፍ ካልጠገነው፣ ምንም ነገር ደስ ማሰኘት ካቆመ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። የደም ማነስ ሊሆን ይችላል፣ የታይሮይድ ችግር ሊሆን ይችላል፣ ድብርትም ሊሆን ይችላል። ሁሉም ሕክምና አላቸው፤ አንዳቸውም የኢማን ማነስ ማስረጃ አይደሉም። መታከም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ያዘዙት ነገር ነው። ሐዘን ለደረሰባቸው ሰዎች እንኳ ዓኢሻ (ረ.ዐ) ተልቢና ታሠራ ነበር፤ ከገብስ የሚዘጋጅ፣ የእኛን አጥሚት የሚመስል ነው። የታመመን ልብ እንደሚያሳርፍና ሐዘንን እንደሚቀንስ ከረሱል ሰምታ ነው። ዲናችን ለተሰበረ ልብ ዱዓም አለው፣ ትኩስ ነገርም አለው።

ለማጠቃለል

ዛሬ ጁምዓ ነው። ሰህል ኢብኑ ሰዕድ (ረ.ዐ) ስለ ሰሓቦች ጁምዓ የነገረንን ታውቃላችሁ? መዲና ውስጥ ቆስጣ የምትተክል አንዲት ሴት ነበረች። ጁምዓ ሲሆን ቆስጣውን ከገብስ ዱቄት ጋር ድስት ውስጥ ታበስለዋለች። ሰሓቦች ከሶላት ሲመለሱ ጎራ ብለው ሰላም ይሏትና ታበላቸዋለች። በዚያ ምግብ ምክንያት ጁምዓን ይናፍቁ ነበር። ምሳ የሚበሉትና የቀትር እንቅልፍ የሚተኙትም ከጁምዓ በኋላ እንደነበር ይኸው ሰህል ይናገራል። እነዚያ ብርቱ ሰዎች በበላጩ ቀን ሰገዱ፣ ቆስጣና ገብስ በሉ፣ ጋደም አሉ። ማንም ኢማናቸውን አልተጠራጠረም።

ለእህታችን የመለስኩላት አጭር ነበር፦ ዛሬ ማታ ዒሻን ስገጂ፣ ዊትር አስከትዪ፣ ተኚ። ነገ ከሱብሒ በኋላ አንድ ገጽ ቅሪ። አንድ ገጽ ብቻ። ለአንድ ወር በዚያው ቆዪ፣ ብትበረቺ እንኳ አትጨምሪ። አላህ ዘንድ ተወዳጁ ሥራ ጥቂት ቢሆንም የሚዘወተረው መሆኑን ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ነግረውናልና።

ትናንት መለሰችልኝ። "ግማሽ ገጽ ቀራሁ፤ እያለቀስኩ ስለነበር አልጨረስኩትም" ትላለች። አልሐምዱሊላህ። ሙስሐፉ ተከፍቷል።

እናንተም ራሳችሁን ያሰራችሁበት ገመድ ካለ ዛሬ ፍቱት። የፈታችሁት እንዲተኛ ብላችሁ ሳይሆን ነገም ተመልሳችሁ እንድትቆሙ ነው።

አላህ ሆይ! ከድካምም ከስንፍናም ጠብቀን። ጥቂቱን ሥራችንን ተቀበለን፣ በእሱም ላይ አጽናን። የታመሙትን አሽር፣ የደከሙትን አበርታ፣ ከአንተ ደጅ አፍረው የራቁትን በእዝነትህ መልሳቸው። ኣሚን።

ሱረቱል ካህፍን፣ በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ሶለዋት ማብዛትንና ከዐስር በኋላ ያለውን የዱዓ ሰዓት እንዳትረሱ። ለደከመ ወንድምና እህት አድርሱት።